ለጀማሪው ቀላል፣ ለዐዋቂው ምሉእ፦ ለንግድ ቤት የሚሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አመራረጥ

በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ ትናንት የተቀጠረው ጸሓፊና ሥራውን ለብዙ ዘመን የለመደው ሒሳብ ሹም በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ይሠራሉ። የትእዛዙ መብዛት ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል፤ ማነሱ ደግሞ የዐዋቂውን ሥራ ያጓትታል። ደረሰኝ በስሕተት ቢመዘገብ ወይም የወሩ ሒሳብ ቢዘገይ ጉዳቱ የሚደርሰው በነጋዴው ላይ ስለሆነ፣ ገዢው ሁለቱንም ሠራተኞች ማሰብ ይገባዋል።

ለዚህ ቀላል ምሳሌ የሚሆነው በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘው ካልኩሌተር የተባለው የሒሳብ ማስያ ነው። ተራው ገጽ ለዕለት ስሌት የሚበቃውን ብቻ ያሳያል፤ የሳይንስ ስሌት የሚፈልግ ሰው ግን ከሜኑው መርጦ ሌላውን ገጽ ያወጣል። ስለዚህ ባለሱቁ በማያስፈልገው ነገር አይደናገርም፤ መሐንዲሱም የሚፈልገውን አያጣም።

ይሁን እንጂ መሰወር ሁሉ መልካም አይደለም። ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ባወጣው ኦፊስ 2000፣ ሰው ዘወትር የማይጠቀምባቸው ትእዛዞች ከሜኑው ላይ እንዲሰወሩ ተደርጎ ነበር። ዐሳቡ ሥራውን ለማቅለል ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ራሱን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ ጀማሪው የፈለገውን ትእዛዝ የሌለ መሰለው፤ የለመደውም ሰው እጁ የሚያውቀውን ስፍራ አጣ። በኦፊስ 2007 በዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ይህ አሠራር ቀርቶ ትእዛዞቹ በየሥራቸው ዓይነት ተመድበው በቋሚ ስፍራ ተደረደሩ። አዲሱ ገጽ የቀድሞውን የለመዱትን ብዙዎች ቢያስቸግርም፣ በኤክሴል የአሮጌው ሜኑ የቁልፍ አመታት እንደ ቀድሞው እንዲሠራ ተትቶላቸዋል።

ከዚህ ሦስት ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም፦

1ኛ/ ዘወትር የሚሠራው ሥራ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገኝ።

2ኛ/ የረቀቀው ትእዛዝ ከፊት ባይታይም ስፍራው የታወቀና የማይለዋወጥ ይሁን።

3ኛ/ ለለመደው ሰው በቁልፍ ብቻ የሚሠራበት አቋራጭ መንገድ ይኑር።

እንግዲህ ነጋዴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ፕሮግራሙን በመዝገቡ ቅጂ ይፈትን። ጀማሪው አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ያለ ረዳት ይመዝግብ፤ ሒሳብ ሹሙም የአንድ ወር ሒሳብ ይዝጋ። ከሁለቱ አንዱ መንገድ ቢጠፋበት፣ ሻጩ የሚዘረዝረው የትእዛዝ ብዛት ገዢውን አያታልለው። ሁለቱም ሥራቸውን በደኅና ከፈጸሙ ግን ስለ ዋጋው መነጋገር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።