ዓለም ግቢህ ድረስ ሲመጣ፦ ለስድስት ኪሎ ተማሪ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ልታጠና ስድስት ኪሎ መግባትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አውቅሃለሁ፤ ልብህ ቅን ነው፣ ለመሰናዳት ግን ትሰንፋለህ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ተማሪ ስማቸውን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቃቸው አምባሳደሮች፣ ተደራዳሪዎችና ተመራማሪዎች አንተ ከምትማርበት ክፍል ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለ አዳራሽ ይናገራሉ። አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ገንዘብ የሚጠይቅህ የለም። በነፃ የተገኘ ነገር ደግሞ ቶሎ ይናቃል። እኔ ረዥም ዘመን እነዚህን ጉባኤዎች ሳዘጋጅ፣ ሳወያይ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስሰማ ኖሬአለሁ። ያየሁትን በተራ በተራ እጽፍልሃለሁ፤ አንተም ሳትቸኩል አንብበው።

1. ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ፤ ሰዓቱንም አጣራ። ሰሌዳ ላይ «3:00» የሚል ወረቀት ብታይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቅ አትለፍ። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ከጻፈችው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ኤምባሲ ከጻፈው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በኢንተርኔት የሚካሄድ ውይይት ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንደምትቀድም አስታውስ። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት እነሱ ብርድ ላይ ሲሆኑ 8 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን በሚያስቀድሙበት የሙቀት ወራት 7 ሰዓት ነው። ዓመቱም እንደዚሁ ነው፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የ7፣ ከዚያ ወዲያ የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ዕውቀት ያልጎደላቸው ልጆች በሰዓት ስሕተት ብቻ የማመልከቻ ቀን ሲያልፍባቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

2. አዳራሽ ከመግባትህ በፊት ስለ ርእሱ አንድ ነገር አንብብ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ውይይቱ ስለ ዓባይ ነው እንበል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ሁለቱ ብቻ ተፈራርመው ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መደልደላቸውን፣ ኢትዮጵያም በዚያ ስምምነት አለመኖሯን እወቅ። የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ለፊርማ መከፈቱን፣ በሥራ ላይ የዋለው ግን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መሆኑንም ጨምር። እነዚህን ይዞ የገባ ተማሪ ተናጋሪው የቱን እንደጠቀሰና የቱን እንደዘለለ ወዲያው ይለያል። ምንም ሳያነብ የገባው ግን የሚሰማው ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ ወይም ሁሉም ያናድደዋል። ግማሽ ሰዓት ንባብ ከዚህ ያድንሃል።

3. የግቢህን ታሪክ እወቅ፤ እንግዳው የሚጠይቀው አንተን ነው። በየቀኑ የምታልፍበት ሕንጻ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ሙዚየሙን እዚያ ይዟል። በወረራው ዘመን በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው፤ ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት በዚያ ምክንያት ለተጨፈጨፈው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለው ጠመዝማዛ ደረጃ ደግሞ ጣሊያኖች እያንዳንዱን እርከን ለአንድ የፋሽስት አገዛዝ ዓመት ብለው የሠሩት ነው፤ በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እንግዶች ሁልጊዜ ስለዚህ ደረጃ ይጠይቃሉ። ትከሻህን ሰብቀህ «እንጃ» ካልህ፣ ስለ ዓለም የምትናገረውንም አያምኑህም።

4. ፊት ተቀመጥ፤ ስልክህን ኪስህ ክተት፤ በእጅህ ጻፍ። የኋላ ወንበር የእኔ ቢጤ ሽማግሌዎችና ቶሎ መውጣት የፈለጉ ሰዎች ቦታ ነው። ገጹ አናት ላይ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም አስፍር። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ያዝ፦ ዋናው ክርክሩ ምንድን ነው፣ ለዚህ ያቀረበው ማስረጃ የቱ ነው፣ አንተስ ያልገባህ ወይም ያልተስማማህበት የቱ ላይ ነው። ሁሉንም ልጻፍ ያለ ምንም አይሰማም። ስላይዱን በስልክ እያነሱ የሚውሉ ልጆች አሉ፤ ያነሱትን ተመልሰው ሲያዩት ግን አላጋጠመኝም።

5. ጥያቄህ አጭር ይሁን፤ ደግሞም ጥያቄ ይሁን። ማይክ ይዞ «አስተያየትም ጥያቄም አለኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ጥያቄ የለውም። ስምህንና ዲፓርትመንትህን ተናገር፤ ቀድመህ በወረቀት ላይ የጻፍኸውን ሁለት መስመር አንብብ፤ ተቀመጥ። እጅህን በመጀመሪያው ዙር አውጣ። አወያይ ጥያቄ የሚሰበስበው ሦስት ሦስት እያደረገ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በቂ መልስ ያገኛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ግን ሰዓት አልቆ በጥድፊያ ይታለፋሉ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብለህ አትፍራ። አዳራሹ ውስጥ ካሉት እንግዶች ለአብዛኞቹም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ጉባኤ ላይ ግን ዝም ባለ አፍ መልስም አይገኝም።

6. አገርህን ውደድ፤ ጉባኤውን ግን የሰልፍ ሜዳ አታድርገው። አንድ ቀን ስለ ዓባይ ወይም ስለ ባሕር በር ደስ የማይልህን ነገር የሚናገር እንግዳ ይመጣል። ማጉረምረምና ማፏጨት ይቀናህ ይሆናል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ንጉሡ ጩኸቱ እስኪበርድ ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ንግግራቸውን በአማርኛ አሰሙ። ዛሬ ያፏጩትን በስም የሚያስታውስ የለም፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። አንተም የማትስማማበትን ሐሳብ በሚገባ ስማ፤ ከዚያ በቁጥርና በሰነድ መልስ። ደግሞም ወደ ገዛ ቤትህ የመጣን እንግዳ ማዋረድ ነውር ነው።

7. አዳራሽ ውስጥ የሰማኸውን ሁሉ ወደ ቴሌግራም አታውጣ። አንዳንድ ውይይት «በቻተም ሐውስ ደንብ» ይካሄዳል። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1927 ለንደን በሚገኘው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ተቋም የወጣ ነው። የሰማኸውን ቁም ነገር መጠቀም ትችላለህ፤ ማን እንደተናገረውና ከየት መሥሪያ ቤት እንደመጣ ግን አትገልጽም። ደንቡ የወጣው ሹማምንትና ተደራዳሪዎች ስማቸው ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብለው ሳይፈሩ እንዲናገሩ ነው። አወያዩ መጀመሪያ ላይ የሚናገረውን ስማ፤ ካልገባህ ጠይቅ። አንድ ልጅ በድብቅ የቀዳውን ድምፅ በመልቀቁ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ለተማሪ ሁሉ ሲዘጋ አይቻለሁ። የአንዱ ቸልተኝነት የመቶውን ዕድል ይወስዳል።

8. በሻይ ዕረፍት ከማታውቀው ሰው ጋር ቁም። ከክፍል ጓደኞችህ ጋር የምታወራው ነገ ይደርሳል። ከናይሮቢ፣ ከካርቱም ወይም ከጅቡቲ የመጣ ተማሪ ካየህ ኩባያህን ይዘህ ሂድና ሰላም በለው። ይህን የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ሰጥቶ ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ልጆች ወደዚህ መጡ። ስለ ነፃነት ትግልና ስለ ፖለቲካ በመኝታ ክፍልና በምግብ አዳራሽ ያወሩት ወሬ የኛን ተማሪዎች አነቃቸው፤ የተማሪውን እንቅስቃሴ ያጠኑ ሰዎች ይህን በሰፊው ጽፈውታል። ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚነገረው ከመድረኩ በታች ነው። የጎረቤት ቋንቋም ጀምር፤ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና ስዋሂሊ ሦስቱም የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፣ ሦስቱም በጎረቤቶችህ አገር ይነገራሉ።

9. ለአበልና ለምሳ ብለህ አትግባ፤ ሥራ ፈልገህ ግባ። ብስኩቱ ሲያልቅ የሚወጣውን አዘጋጆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ምንም ባይሉም በልባቸው ይይዙታል። አንተ ግን ከአንድ ሳምንት በፊት ሄደህ «ምን ላግዝ?» በል። የእንግዶቹን ስም ዝርዝር በር ላይ ላሉት ጥበቃዎች የሚያደርስ፣ የሚያስገቡትን ላፕቶፕ የሚያስመዘግብ፣ ማይክ የሚያዞር፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። የኅብረቱ የመሪዎች ጉባኤ ጥርና የካቲት ሲጋጠሙ ስለሚካሄድ በዚያ ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ አዘጋጆችም ሰው ይቸግራቸዋል። ከሁሉ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝን ምረጥ። ሰው የተናገረውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማሳጠር የዲፕሎማት ዋና ሙያ ነው፤ ከኔ ተማሪዎች መካከል ሩቅ የሄዱት ብዙዎቹ በዚህ የጀመሩ ናቸው።

10. የተዋወቅኸውን ሰው ሁለት ቀን ሳያልፍ ጻፍለት። ቢዝነስ ካርድ መሰብሰብ ትውውቅ አይደለም። የት እንደተገናኛችሁ፣ ከንግግሩ የቱ እንደጠቀመህ፣ የምትጠይቀውም ካለ አንድ ጥያቄ፣ በአምስት መስመር ጻፍ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ስኮላርሺፕ አትለምን። እንዲህ ያለ ልመና በየቀኑ ስለሚደርሳቸው ሳያነቡ ያልፉታል፤ ንግግራቸውን ሰምቶ ደህና ጥያቄ የጠየቀን ልጅ ግን ያስታውሱታል። ባይመልሱልህም አትቀየም፤ ሌላ ጽሑፍ ሲያወጡ አንብበህ ደግመህ ጻፍ።

11. ሰሚ ሆነህ አትቅር፤ አንድ ቀን አንተም ጥናት አቅርብ። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1963 ማንቸስተር ተደረገ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ስለ እኛ የሚመክረው ጉባኤ እኛ ጋ የመጣው የኛ ምሁራን የሚያቀርቡት ነገር ይዘው ስለተገኙ ጭምር ነው። አንተ ከትንሹ ጀምር። የሴሚስተር ሥራህን አሻሽለህ በዲፓርትመንት ሴሚናር ላይ አንብበው፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ መጨረስ ተለማመድ፤ የሚተቹህን አመስግን። የጥናት ጥሪ ሲወጣ አጭር መግለጫህን ከማብቂያው ቀን በፊት ላክ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዳሉት ግን፣ ደህና አድርገህ ያላነበብህበትን ርእስ ይዘህ መድረክ አትውጣ።

ልጄ፣ አሥራ አንዱንም በአንድ ሴሚስተር ትፈጽማለህ አልልም። ሁሉ ከከበደህ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ያዝ፦ አንብበህ ግባ፣ አጭር ጥያቄ ጠይቅ። ሌላው ከእነዚህ ይከተላል። በትምህርት ቤት ያሳለፍኸው ዘመን የሚለካው በገባህባቸው ጉባኤዎች ብዛት እንዳይመስልህ፤ ሰባት ስብሰባ ተቀምጦ ከማንቀላፋት አንዱን ተዘጋጅቶ መስማት ይበልጣል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን እይ፣ አንድ ብቻ ምረጥ፣ አንብበህ ግባ። ምን እንደጠየቅህና ምን እንደመለሱልህም ጻፍልኝ።