ለአንድ ሰው የምትሆን ቀላል ድንኳን እንዴት እንምረጥ?
(ለመስክ ጥናት ወደ ደጋና ውርጭ አገር ለሚወጡ ተማሪዎች)

መግቢያ

ድንኳን ሲባል እኛ አገር ቶሎ ትዝ የሚለን የእድር ድንኳን ነው። ለቅሶ ወይም ሰርግ ሲኖር የሰፈር ሰው ተሸክሞ ያመጣዋል፤ ምሰሶውን አቁሞ፣ ካስማውን መትቶ፣ አውታሩን ወጥሮ ይተክለዋል። ብዙ ሰው ያስቀምጣል፤ ክብደቱም የዚያኑ ያህል ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የምታስተኛ፣ ያው አንድ ሰው በጀርባው ይዟት ዳገት የሚወጣባትን ድንኳን።

ጉዳዩ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖራል። የእኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ መስክ መውጣቱ አይቀርም። የእኔ ጥናት በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ላይ ስለሚበቅለው ጅብራ ስርጭት ነው። አምባው ወደ 4000 ሜትር ከፍታ አለው፤ በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ለማደር ሆቴል የለም፣ ዛፍ እንኳ የለም። ለገና የምትመጣው አሜሪካ ያለችው አክስቴ «ድንኳን ይዤልህ ልምጣ፣ ግን የቱን?» ብላ ስትጠይቀኝ ነገሩን በቁም ነገር ማጥናት ጀመርኩ። ምክንያቱም ዕቃው አንዴ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከመጣ በኋላ «አልሆነኝም» ብሎ መመለስ የለም። ምርጫው ከተበላሸ የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በብርድና በጤና ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። «ለአንድ ሰው» ስል ብቻችሁን ሂዱ ማለቴ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለ ስካውት መጓዝ አይፈቀድም፤ በባሌም ከዲንሾ አስጎብኚ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። ከመነሳት በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራትም ግድ ነው። እያንዳንዱ ሰው ግን የራሱን መኝታ ይዞ ይሄዳል፤ የምንነጋገረው ስለዚያ ነው።

1. ክብደት፦ ሒሳቡን መጀመሪያ እንሥራ

የአራት ቀን ጉዞ ጓዜን በወረቀት ላይ ደመርኩት። ቦርሳው ራሱ 1.5 ኪሎ፣ ስሊፒንግ ባግ 1.4፣ የመሬት ፍራሽ 0.5፣ ልብስና የዝናብ ካፖርት 1.8፣ ስንቅ (በሶ፣ ቆሎ፣ ፓስታና ሻይ) 2.8፣ ውሃ 2፣ ምድጃና ነዳጅ 0.8፣ ደብተር፣ ጂፒኤስና ካሜራ 1 ኪሎ። ድምሩ 11.8 ኪሎ ነው። በእግር ተጓዦች ዘንድ የተለመደው ልክ ሸክሙ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ነው። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፤ ስለዚህ ልኬ 12 ኪሎ ነው። ድንኳኑ ገና ሳይገባ ልኩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው!

አሁን ድንኳኑን እንጨምር። 3 ኪሎ የሚመዝን ተራ ድንኳን ከሆነ 14.8 ኪሎ፣ 1.5 ኪሎ ከሆነ 13.3፣ 0.9 ኪሎ ከሆነ 12.7 ይሆናል። ከ3 ወደ 1.5 ስንወርድ የተረፈው ክብደት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1.5 ወደ 0.9 ስንወርድ ግን የሚተርፈው 600 ግራም ብቻ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሽቅብ ይወጣል፣ ጨርቁም ይሳሳል። ስለዚህ «በጣም ቀላሉ» ሁልጊዜ «በጣም ጥሩው» ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋብሪካዎች ሁለት ዓይነት ክብደት ይጽፋሉ። አንደኛው ውስጡን፣ ላዩንና ምሰሶውን ብቻ የሚቆጥር ትንሹ ክብደት ነው። ሁለተኛው ካስማውን፣ ገመዱንና ከረጢቱን ሁሉ የሚጨምር ሙሉ ክብደት ነው። በጀርባችን የምንሸከመው ሁለተኛውን ስለሆነ ስናወዳድር እሱን ከእሱ ጋር እናወዳድር።

ፈረስ ወይም በቅሎ የሚከራይ ሰው የክብደቱ ጉዳይ ብዙም አያስጨንቀውም። እሱ ከቀላልነት ይልቅ ጥንካሬ ቢመርጥ ይሻለዋል።

2. ብርድና እርጥበት

ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚቀንስ በአንደኛ ዓመት ተምረናል። አዲስ አበባን በ2400 ሜትር ብንወስድ ሳነቴ በ10 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። በዚያ ላይ በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ይለቀዋል፤ ውርጭም ይወርዳል።

ብዙ ሰው ድንኳን ያሞቃል ብሎ ያስባል። ድንኳን ግን ምድጃ አይደለም። ሥራው ነፋስን፣ ዝናብንና ጤዛን መከልከል ነው። የሚያሞቀን ስሊፒንግ ባጉና ከሥራችን ያለው ፍራሽ ነው። ለድንኳኑ ብር ጨርሶ በስስ ፍራሽ የሚተኛ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ሌላው ነገር እርጥበት ነው። ጠዋት ሲነሱ የድንኳኑ ውስጥ ረጥቦ ሲገኝ «ያፈሳል» ተብሎ ይወቀሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝናብም አልዘነበም። ከትንፋሻችን የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ የድስት ክዳን ላይ እንደምናየው ማለት ነው። በሳነቴ ብርድ ደግሞ ይህ ውሃ ወደ አመዳይ ሊለወጥና ድንኳኑ ሲነቃነቅ ፊታችን ላይ ሊረግፍ ይችላል።

ለዚህ ነው ነጠላና ድርብ ድንኳን የሚለዩት። ነጠላው አንድ ጨርቅ ብቻ ስላለው ቀላል ነው፤ ነገር ግን እርጥቡ ግድግዳ በቀጥታ ስሊፒንግ ባጋችንን ይነካል። ድርቡ ውስጠኛ ክፍልና ውሃ የማያስገባ ላይኛ ልባስ አለው። በሁለቱ መካከል አየር ስለሚያልፍ እርጥበቱ ላይኛው ላይ ይቀራል። የወፍ ላባ ያለበት ስሊፒንግ ባግ ሲረጥብ ሙቀት የመያዝ አቅሙን ስለሚያጣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ግማሹ በእጃችን ነው። የአየር መግቢያውን በብርድ ምክንያት አለመዝጋት፣ ከወንዝ ዳርና ከሸለቆ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ መትከል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ጥቂት ሜትር ከፍ ማለት ብቻ ልዩነት ያመጣል።

በምንም ዓይነት ግን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል ወይም ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ድንኳን ደግሞ ከማንኛውም ክፍል ይጠባል።

3. አተካከል

ድንኳን በአተካከሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ምሰሶዎቹ ተጣምረው ራሱን ችሎ የሚቆም ነው። ሁለተኛው ካስማና አውታር ካልተወጠረ የማይቆም ነው። የሁለተኛው ዓይነት አንዳንዱ ምሰሶ እንኳ የለውም፤ ተጓዡ የሚመረኮዘውን ምርኩዝ መሐሉ ላይ አቁሞ ይወጥረዋል። በጣም ቀላል የሆኑት ድንኳኖች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ናቸው።

ጥያቄው «መሬቱ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። ሳነቴ የእሳተ ገሞራ አለት ያለበት አምባ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ድንጋይ ካስማ አያስገባም፤ ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ትልቁ ፍልፈል አፈሩን ቆፍሮ ስላላላው ካስማው ገብቶ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ሕይወቱ በስድስት ካስማ ላይ የተንጠለጠለ ድንኳን ያሰጋል። ራሱን የሚችለውን ግን በከባድ ድንጋይ ማሰር ይቻላል። ማሰሩ ግን ለእሱም አይቀርም፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና ያልታሰረ ድንኳን ነፋስ አንስቶ ይወስደዋል።

ምሰሶው ከአሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል። ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ሲሰበርም ይሰነጣጠቃል። ከአሉሚኒየሙ ጋር የምትመጣ አጭር የመጠገኛ ቱቦ አለች፤ የተሰበረው ላይ አጥልቆ በፕላስተር ማሰር ነው። እዚህ መለዋወጫ ስለማይገኝ ይህቺን ቱቦ አትናቋት።

4. ጨርቁና ቁጥሮቹ

በድንኳን ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ዴኒየር ነው። 9000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ምን ያህል ይመዝናል ማለት ነው። 20 ዴኒየር ሲባል 9000 ሜትሩ ክር 20 ግራም ይመዝናል፤ በጣም ቀጭን ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጨርቁ ይጠነክራል፣ ይከብዳልም።

ሁለተኛው በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ውሃ የመቋቋም አቅም ነው። በጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ እየተጨመረ ማስገባት እስኪጀምር ድረስ የሚለካ ነው። ለላይኛው ልባስ 1200 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ወለሉ ግን በክርናችንና በጉልበታችን ስለሚጫን ከዚያ ከፍ ቢል ይሻላል።

የጨርቁ ዓይነትም ይለያያል። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይለጠጥና ይላላል፣ ሌሊት ወጥቶ አውታር ማጥበቅ ይመጣል። ፖሊስተር ያን ያህል አይለጠጥም፤ የፀሐይን ጨረርም ከናይለን ይሻል ይቋቋማል። ዳይኒማ የሚባለው ከሁሉም ይቀላል፣ ውሃም አይመጥም፤ ዋጋው ግን የተማሪ አይደለም። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ሳነቴ ላይ ቀኑን ሙሉ ተተክሎ የሚውል ድንኳን ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ለእኛ አገር ፖሊስተር ይሻላል ባይ ነኝ።

5. ሦስት ምሳሌዎች

ልዩነቱ እንዲታይ ሦስት የታወቁ ድንኳኖችን ላወዳድር። ሞዴሎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው።

ሀ) የሲክስ ሙን ዲዛይንስ «ሉናር ሶሎ»፦ 740 ግራም ገደማ ነው፤ ምርኩዙና ካስማው ግን እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በአንድ ምርኩዝና በስድስት ካስማ ይቆማል። ቀላልና ሰፊ ነው። መሬቱ እሺ ካላለ ግን አይቆምም፤ ጣሪያውም ነጠላ ነው።

ለ) የቢግ አግነስ «ኮፐር ስፐር» ባለ አንድ ሰው፦ ወደ 1.1 ኪሎ ነው። ድርብ ነው፣ ራሱንም ችሎ ይቆማል። ውስጡ ግን አብዛኛው እንደ አጎበር ያለ መረብ ስለሆነ ነፋስ ያስገባል፤ ጨርቁም ስስ ነው።

ሐ) የስዊድኑ ሂሌበርግ «አክቶ»፦ 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። ውስጡ ደፈን ያለ ጨርቅ፣ ላዩ እስከ መሬት የሚወርድ ነው፤ የተሠራውም ለብርድ አገር ነው። የቆመው ግን በአንድ ምሰሶና በካስማዎች ነው፤ ዋጋውም ይከብዳል።

«ድሮ ያለዚህ ሁሉ ይኬድ አልነበረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የ67 ዓመት አሜሪካዊት ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን ተጉዘው ሲጨርሱ ድንኳን አልያዙም፤ ለዝናብ የያዙት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ፕላስቲክ ነበር። ነገር ግን መንገዱ በጫካ ውስጥ የሚያልፍ፣ የማረፊያ ዳስም ያለበት ነው። ዛፍ በሌለበት በ4000 ሜትር ላይ ያንን መኮረጅ ድፍረት ብቻ ይሆናል።

6. ለአክስቴ የጻፍኩት ዝርዝር

ከሦስቱ አንዱንም በስም አላዘዝኩም። ከላይ ያለውን አንድ ላይ ሳየው የሚያስፈልገኝ በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል ያለ ነው። ስለዚህ የላክሁላት ዝርዝር ይህ ነው፦

– ድርብ የሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም፤
– ሙሉ ክብደቱ ከ1.6 ኪሎ ያልበለጠ፤
– ምሰሶው አሉሚኒየም፣ የመጠገኛ ቱቦ ያለው፤
– ላይኛው ልባስ ፖሊስተር፣ ቢያንስ 1200 ሚሊ ሜትር፤ ወለሉ 3000 ቢሆን የሚመረጥ፤
– የውስጠኛው ክፍል የታችኛው ግማሽ መረብ ሳይሆን ጨርቅ የሆነ፤
– ርዝመቱ ቢያንስ 2.15 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር አካባቢ፤ ተቀምጦ ደብተር መጻፍ እንዲቻል፤
– ጫማና ቦርሳ የሚያድርበት ትንሽ ደጃፍ ያለው።

«ይሄማ ከስልክ ግዢ ይብሳል» ብላ ስቃብኛለች። ቢሆንም ዝርዝሩን ይዛ ሱቅ የገባች ሰው በሻጭ ወሬ አትታለልም።

7. አያያዝ

ድንኳኑ እንደመጣ መስክ ከመውጣት በፊት ግቢ ውስጥ መትከልና በጎማ ውሃ ማርከፍከፍ ይገባል። ስፌቱ የሚያስገባ ከሆነ እዚሁ ይታወቃል። ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፕላስቲክ ከመርካቶ ገዝቶ ከድንኳኑ ወለል ትንሽ አሳንሶ መቁረጥ ነው፤ ከወለሉ ካለፈ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ከሥራችን ያስገባዋል። ከጉዞ ሲመለሱ ደግሞ እርጥቡን አጣጥፎ ማስቀመጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ሻጋታ ከማምጣቱም በላይ ውሃ የሚከለክለው የፖሊዩሬቴን ቅብ እየተጣበቀና እየሸተተ ይላጣል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ድንኳን ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይመዝናል?» ሳይሆን «የት ላድርበት ነው?» የሚለው ነው። ቦታው ከታወቀ ብርዱ፣ ነፋሱና አፈሩ ይታወቃሉ፤ እነሱ ሲታወቁ ዓይነቱ ይለያል፤ ክብደቱን የምንቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ደግሞ ከሞላ ጎደል የእኛው የጂኦግራፊ ትምህርት ነው።

እኔም የመስክ ሥራዬን ስጨርስ ድንኳኑን ለትምህርት ክፍሉ ዕቃ ቤት ለመተው አስቤያለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ወደ ሳነቴ የሚወጣ ተማሪ ከዕቃ ቤቱ ይረከባል፤ ሲመለስ አድርቆ ያስረክባል። ሌሎቻችሁም ከዘመድ የምታገኙት ነገር ካለ እንዲሁ ብታደርጉ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንም ተማሪ በድንኳን እጦት ርዕሱን አይቀይርም።