«እውነት ይመስላል» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ዓመት እዚህ ካኩማ አንዲት ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «መምህር፣ እንግሊዝኛ አላውቅምና እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። በኢሜይል የተላከ ደብዳቤ ነበር። ከላይ የዩኤንኤችሲአር ሰማያዊ ዓርማ አለበት። ከነልጆቻቸው ለካናዳ እንደተመረጡ ይገልጽና ለሕክምና ምርመራ 15,000 የኬንያ ሽልንግ በሁለት ቀን ውስጥ በኤም-ፔሳ እንዲልኩ ያዛል። እኔም አንብቤ «እውነት ይመስላል» አልኳቸው። የስፌት መኪናቸውን ሸጠው ላኩ። ከዚያ ወዲያ ለደወሉት ስልክም ለላኩት ኢሜይልም መልስ የሰጠ የለም። ይህን ትምህርት የምጽፈው ያቺን ቃሌን እያስታወስኩ ነው።

ማጥመጃው እንዴት ይሠራል?

እንዲህ ያለው ማታለያ በእንግሊዝኛ «ፊሺንግ» ይባላል። ቃሉ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የመጣ ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሌባው አንዱን መንጠቆ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ይጥላል፤ ጥቂቶች ከዋጡለት ይበቃዋል። በመንጠቆው ላይ የሚሰካው ሰው አጥብቆ የሚመኘውን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላውን ሲያግድ ለጉዞ የተዘጋጁ ሰዎች ሳይቀሩ ባሉበት ቀሩ። ተስፋው የተቋረጠበት ሰው «መንገድ ተከፍቶልሃል» የሚለውን ቃል ቶሎ ያምናል። ሌባም ይህን ያውቃል።

ምልክቶቹ

1ኛ. ገንዘብ ይጠይቃል። የዩኤንኤችሲአርና የአጋር ድርጅቶቹ አገልግሎት ነፃ ነው። ለምዝገባም፣ ለቃለ መጠይቅም፣ ለሦስተኛ አገር ጉዳይም ክፍያ የለም። ገንዘብ የሚጠይቀው የቢሮ ሠራተኛ እንኳ ቢሆን ጥፋተኛ ነው።

2ኛ. ያስቸኩላል። «ዛሬ ካልከፈላችሁ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

3ኛ. ምስጢር ያስጠብቃል። «ለማንም አትናገሩ» የሚለው የሚያውቅ ሰው እንዳትጠይቁ ፈርቶ ነው።

4ኛ. የይለፍ ቃል፣ የኤም-ፔሳ ምስጢር ቁጥር ወይም በስልክ የተላከላችሁን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን የሰጠ ሰው የቤቱን ቁልፍ እንደሰጠ ይቆጠራል።

5ኛ. አድራሻው አይገጥምም። የላኪውን ስም ብቻ አትዩ፤ ስሙን ነክታችሁ ሙሉውን አድራሻ አውጡ። የዩኤንኤችሲአር ሠራተኞች ኢሜይል ከ@ ምልክት በኋላ «ዩኤንኤችሲአር ነጥብ ኦርግ» ብሎ ያበቃል። በጂሜይል አድራሻ የመጣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያጠራጥራል። ሆኖም የላኪን አድራሻ አስመስሎ መላክ ስለሚቻል አድራሻው ትክክል መምሰሉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ምን እናድርግ?

መልስ አትስጡ፤ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሊንክ አትንኩ፤ የተያያዘውን ፋይል አትክፈቱ። በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ደውላችሁ ለማጣራትም አትሞክሩ፤ የሚያነሳው ራሱ ሌባው ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ በእግራችሁ ወደ ቢሮ ሂዱና ጠይቁ። እውነተኛ ጉዳይ ከሆነ በመዝገባችሁ ላይ ይገኛል።

ገንዘቡን ከላካችሁ በኋላ ከነቃችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለገንዘብ አስተላላፊው ድርጅት አመልክቱ። የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ ወዲያውኑ ለውጡት፤ ያንኑ ቃል በሌላ ቦታም የምትጠቀሙበት ከሆነ እዚያም ለውጡ። መልእክቱን አታጥፉት፤ ማስረጃ ነውና ለቢሮ አሳዩት። አታላዮች ገንዘባችሁን እናስመልሳለን ብለው በሌላ ስም ሊመለሱ ስለሚችሉ ከዚህም ተጠንቀቁ።

ከሁሉ በላይ ግን አትፈሩ፣ አትደብቁም። ጎረቤቴ የደረሰባቸውን በውሃ ቦኖው ላይ ለሴቶች ሲናገሩ አንዲት እናት «እኔም ትናንት ይኸው መጥቶልኛል» ብለው ስልካቸውን አወጡ። ገና አልከፈሉም ነበር።

ፊደል ቆጥረን ለሌላው የምናነብ ሰዎች በተለይ ኃላፊነት አለብን። የተጻፈውን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ማን እንደጻፈው ሳናጣራ «እውነት ይመስላል» አንበል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ማጣራት ለምን አይጠቅምም?
2. በቤታችሁ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው አምስቱን ምልክቶች በቃል አስረዱ።