«ኖር» እና «ተይዟል»፦ በጋራ ስፖርት አዳራሽ ስለሚገባ የቦታ ሥርዓት

ባገራችን ልማድ ሰዎች ተቀምጠው ሳሉ ሌላ ሰው ሲገባ፣ የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ይመልስና እንዲቀመጡ ይለምናቸዋል። ይህች ትንሽ ሥርዓት አስቀድሞ ቦታ ያገኘ ሰው በኋላ ለመጣው ምን እንደሚገባው ታስተምራለች። ዛሬ በእኛ በተማሪዎች መካከል ይበልጥ የተለመደችው ግን ሌላ ቃል ናት፤ እርሷም «ተይዟል» የምትለው ናት። በቤተ መጻሕፍት በተከፈተ ደብተር፣ በምግብ አዳራሽ ወደ ጠረጴዛው በተደገፈ ወንበር፣ በስፖርት አዳራሽ ደግሞ መሬት ላይ በተዘረጋ ፎጣ ትነገራለች። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የመጨረሻውን፣ ይኸውም በኤሮቢክስና ይህን በመሰለው የጋራ ስፖርት ሰዓት ስለ ቦታ አያያዝ ያለውን ጉዳይ ነው።

ነገሩ ጥቃቅን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየትምህርቱ ዓመት መጀመሪያ የምናየው አለ። ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ተማሪ ወደ አዳራሹ ይገባል፤ አንድ ሥፍራ ሲቆም «ተይዟል» ይባላል፤ ወደ ሌላው ሲሻገር «እሱም ተይዟል» ይባላል፤ ሙዚቃው ሳይጀመር ጫማውን አንሥቶ ይወጣና ተመልሶ አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚገባው ገልጿል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ተማሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ስፖርት ይህን ይሞላለታል። እንግዲህ በአንድ ቃል ከበር የመለስነው ሰው ያጣው የመቆሚያ መሬት ብቻ አይደለም።

ቦታው ይህን ያህል የሚፈለገው ስለ ምንድን ነው? ኤሮቢክስ የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 በዚሁ ስም መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ነው። ኩፐር በይበልጥ ያሰበው ሩጫን፣ ዋናንና ብስክሌትን ነበር። በኋላ ግን እንቅስቃሴው ከሙዚቃ ጋር ተዋሕዶ ወደ አዳራሽ ገባ፤ የቦታ ነገርም አብሮ ገባ። አሠልጣኙ የሚቆመው ከፊት ነው፤ መስተዋቱም ከፊት ነው፤ ከኋላ የቆመ ሰው የሚያየው የሌላውን ጀርባ ነው። በመስቀል አደባባይ ማለዳ ስፖርት የሚሠሩትን ያየ ሰው ዘግይቶ የመጣው በዳር ሲቆምና ረድፉ ሲሰፋ ተመልክቷል። አዳራሽ ግን ግድግዳ አለው።

ይህን በቁጥር እንየው። የሰው ሁለት ክንድ ሲዘረጋ ርዝመቱ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ጎረቤቱን ሳይነካ እንዲንቀሳቀስ በወርድም በርዝመትም 1.70 ሜትር፣ ማለት ወደ 3 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሥፍራ ይሻል። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንግዲህ የሚይዘው 40 ሰው ያህል ነው። በዚያ ላይ 5 ፎጣ ባለቤቱ ሳይኖር ቢዘረጋ፣ ከአዳራሹ ስምንት እጅ አንዱ ማንም ሳይቆምበት ተወሰደ ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 በጻፈው የፍልስፍና ድርሳን፣ ቴአትር ቤት የሁሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሰው የተቀመጠበት ወንበር ግን የእርሱ ሊባል እንደሚገባ ያስረዳል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን አጥብቆ መረመረው። ለማዕርጌ በተመደበው ረድፍ መቀመጫ አለኝ ቢባል፣ ልሸጠው ወይም ላከራየው ሳይሆን ትርኢቱን ላይበት ብቻ ነው፤ ደግሞም ረድፉ ሞልቶ ካገኘሁት፣ እንደ እኔው መብት ያላቸው ቀድመው ተቀምጠዋልና ቦታ የለኝም ይላል። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1140 ይዞታን ሲተረጉም አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውነት የሚያዝበት መሆኑን ይጠይቃል፤ በቁጥር 1151 ደግሞ በመያዝ ብቻ ባለሀብት የሚኮነው ባለቤት በሌለው ተንቀሳቃሽ ዕቃ ላይ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ስለ ፎጣ የወጣ አይደለም፤ ሆኖም አዳራሽ ባለቤት የሌለው ዕቃ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ እኛ በዚያ ያለን መብት በሰዓቱ የመገልገል መብት እንጂ ሌላ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ አንድ ሥፍራ የቆመም ቢሆን ትናንት በመቆሙ የዛሬውን አልገዛም።

ይህን ስንል ቀድሞ የሚመጣውን ሰው መንቀፋችን አይደለም። ሩብ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ የቆመ ሰው፣ ዘግይቶ የመጣ ከፊቱ ሲገተርበት «ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው» ቢል እውነት አለው። ደግሞም ዓይኑ የሚደክም፣ ጆሮው የሚከብድ፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው አንድን ሥፍራ የሚመርጥበት በቂ ምክንያት አለው። ለዚህ ሁሉ የሚስማማ ሆኖ ያገኘነው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ቦታ የሚያዘው በሰው እንጂ በዕቃ አይደለም። ውኃ ለመቅዳት የሄደ ሰው ፎጣውን ቢተው ይከበርለት፤ ሙዚቃው ሲጀመር ካልተመለሰ ግን ቦታው ክፍት ነው።

2ኛ/ ላልመጣ ጓደኛ ቦታ መያዝ አይገባም። ለወዳጅ የምናደርገው ቸርነት ከራሳችን ድርሻ ይሁን፤ ከፈለግን የእኛን ሰጥተነው ወደ ኋላ እንሂድ።

3ኛ/ ዘግይቶ የመጣ በጎን በኩል ገብቶ በዳር ወይም በኋላ ይቁም፤ ከቆመ ሰው ፊት አይጋረጥ።

4ኛ/ ለጀማሪ የሚሻለው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ መካከል ነው። ሁሉም ወደ ኋላ በዞረ ጊዜ የፊተኛው ረድፍ የኋላ፣ የኋላው የፊት ይሆናልና፣ በመካከል ያለ ሰው በየትም ቢዞር የሚያየው አያጣም። ነባሮች ይህን ሥፍራ ለእንግዳ ይልቀቁ።

5ኛ/ ንግግራችን የተገራ ይሁን። «ወንድሜ፣ እዚህ ሰው አለ?» ወይም «እኅቴ፣ ትንሽ ጠጋ ትዪልኝ?» ማለት አያደክምም። በዕድሜ የሚበልጡን ሲመጡ «ጋሼ፣ እዚህ ይሁኑ» ብሎ መልቀቅ ነውር የለውም። ክርክር ከተነሣ ይፍረድ የሚባለው አሠልጣኙ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ሐሳብ ለስፖርት ኮሚቴው እናቀርባለን። ሰዓቱ ሲጋመስ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ሌላውም አንድ አንድ ረድፍ ወደ ፊት ይጠጋ። ይህ ከደቂቃ በላይ የሚፈጅ አይደለም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ቦታው ለሁሉም በየተራ የሚደርስ ከሆነ በፎጣ የሚጠብቀው ሰው ምክንያት ያጣል። ኮሚቴው ለአንድ ወር ብቻ ይሞክረው፤ በወሩ መጨረሻም በበሩ ገብተው ከቀሩት መካከል አዲስ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ ይቁጠር።