ስለ ነጂዎች የሥራ ሰዓት መቈጣጠሪያ መሣሪያ ታማኝነት

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በጭነት ማመላለስ ንግድ ከተሰማሩት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። አንዳንዶቹ ተቀጥረው ሲነዱ፣ ሌሎቹ አንድ ወይም ሁለት መኪና ገዝተው የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመዋል። ለእነዚህ ባለንብረቶች ከነዳጅና ከጎማ ወጪ የማያንስ ብርቱ ጉዳይ ቢኖር የነጂው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ያለቀበት ነጂ ጭነቱ ምንም ያህል ቢያስቸኩል መንገዱን መቀጠል አይፈቀድለትምና።

የነጂዎችን ሰዓት የሚወስን ደንብ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ዓመታት አንሥቶ ይሠራበታል። ዛሬ ጭነት የሚያመላልስ ነጂ 10 ሰዓት ያለማቋረጥ ካረፈ በኋላ 11 ሰዓት ሊነዳ ይችላል፤ ይህንም ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ በሚቈጠር 14 ሰዓት ውስጥ መፈጸም አለበት። ቀድሞ ይህ ሁሉ በነጂው እጅ በወረቀት ይጻፍ ስለ ነበር፣ ነጂዎቹ ራሳቸው መዝገቡን «የቀልድ መጽሐፍ» እያሉ ያፌዙበት ነበር። ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው ኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ፣ በተለምዶ ኢ.ኤል.ዲ. የሚባለው፣ ለአብዛኞቹ ነጂዎች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ነው።

መሣሪያው የሚያምነው ሞተሩን ነው። መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነቱ በሰዓት 5 ማይል ሳያልፍ «እየነዳ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ቆሞ 5 ደቂቃ ካለፈው ነጂውን ይጠይቃል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ ካላገኘ «በሥራ ላይ ነው፣ አይነዳም» ወደሚለው ያዛውረዋል። በጉዞ ላይም ቢያንስ በየ60 ደቂቃው ያለበትን ስፍራ ያሰፍራል። በራሱ የመዘገበውንም የመንዳት ሰዓት ነጂውም ሆነ ባለንብረቱ ሊያሳጥሩት አይችሉም። እንግዲህ ያለፈውን በመመዝገብ ረገድ ከወረቀቱ እጅግ የታመነ ነው።

ነገር ግን ያለፈውን መመዝገብ ሌላ፣ በዚህች ደቂቃ ያለውን ለቢሮ ማሳወቅ ሌላ ነው። ባለንብረቱ በጠረጴዛው ላይ የሚያየው ሥዕል በስልክ መስመር ተጉዞ የመጣ ነው። መስመሩ በማይደርስበት ተራራና ሜዳ መሣሪያው በመኪናው ውስጥ መመዝገቡን ሲቀጥል፣ የቢሮው ሥዕል ግን በመጨረሻ ባየው ላይ ቆሞ ይቀራል። ከዚህም በላይ ደንቡ መሣሪያው መዝገብ እንዲይዝ እንጂ የቀረውን ሰዓት አስልቶ እንዲያሳይ አያስገድድም። ስሌቱ ሻጩ የጨመረው አገልግሎት ስለ ሆነ፣ ትክክለኛነቱም እንደ ሻጩ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ነጂ ከጧቱ 12 ሰዓት ሥራ ጀምሮ 7 ሰዓት ነዳ፤ ከዚያም በሥራ ላይ እንዳለ እየተቈጠረ በመጋዘን ደጅ 5 ሰዓት ቆመ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከ11ዱ የመንዳት ሰዓት 4 ሰዓት ይቀረዋል፤ ከ14ቱ ግን የቀረው 2 ሰዓት ብቻ ነው። አራቱን ብቻ ያየ የስምሪት ኃላፊ የ3 ሰዓት መንገድ ያዘዋል። ነጂው አንዱን ሰዓት መስመር በሌለበት አገር ሲነዳ፣ ሥዕሉ አሁንም 2 ሰዓት እንደ ቀረው ያሳያል። በመንገድ ላይ የሚፈትሸው መርማሪ የሚያነበው የቢሮውን ሥዕል ሳይሆን በመኪናው ያለውን መዝገብ ነው፤ ሰዓቱ አልፎ ከተገኘም ነጂውን እስኪያርፍ ድረስ ያቆመዋል፣ ጭነቱም በዚያው ያድራል። ደክሞ ሲነዳ ጉዳት ካደረሰማ፣ ይኸው መዝገብ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ስሙን ሳያስገባ የሚነዳ ሰው ነው። መሣሪያው ያን ሰዓት «ነጂው ያልታወቀ» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ በነጂው ስም እስኪዞር ድረስ፣ ሲነዳ የዋለው ሰው በቢሮው ሥዕል ላይ ዕረፍት ያገኘ መስሎ ይታያል። ይህን የመሰለውን በየማታው ሳያጣራ ለነገ ጭነት የሚቀበል ባለንብረት በሌለው ሰዓት ላይ ይዋዋላል።

መሣሪያ ሲገዙም ጥንቃቄ ያሻል። ደንቡ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት ዕቃው ሕጉን እንደሚያሟላ ያረጋግጥ የነበረው አምራቹ ራሱ ነበር። ጉዳዩን የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጉድለት የተገኘባቸውን ከዝርዝሩ ሲሰርዝ፣ በስሕተት ሳይሆን በርካሽነቱ መርጦ የገዛው ባለንብረት ሌላ ለመግዛት ይገደዳል። ዝርዝሩን ከመግዛት በፊት መመልከት ገንዘብ አያስወጣም።

መሣሪያው የተበላሸ እንደ ሆነ ነጂው በ24 ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ የዕለቱንና ያለፉትን 7 ቀናት መዝገብ በእጁ ከሌለ እንደገና ያዘጋጃል፤ ድርጅቱም በ8 ቀን ውስጥ ማስጠገን ወይም መለወጥ አለበት። ስለዚህም ያ የተፌዘበት ወረቀት ፈጽሞ አልተሻረም፤ ቢያንስ ለ8 ቀን የሚበቃ ባዶ ቅጽ በየመኪናው እንዲቀመጥ ደንቡ ያዛል።