ሰብር ማለት አለማልቀስ ነውን?



በደቡብ ጎንደር፣ ላይ ጋይንት የምትገኘው ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዚያን ሰሞን የተደፈሩ 16 ሴቶችን አነጋግሮ፣ 15ቱ የአካልና የአእምሮ ሕመም እንደተከተላቸው ገልጿል። የከተማዋ ሆስፒታል ተጎድቶና ተዘርፎ ስለነበር ተገቢውን ሕክምና በጊዜው አላገኙም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ።

ተኩስ ሲያቆም ግን ሰውየው ውስጥ የገባው አብሮ አያቆምም። በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ያየውን በሕልሙ ደግሞ የሚያይ፣ አደጋው በደረሰበት መንገድ ላለማለፍ ዙሮ የሚሄድ ወገን አለን። እኛስ ምን እንለዋለን? «ሰብር አድርግ፤ ኢማንህ ቢጠነክር ይህ ሁሉ አይመጣብህም» እንላለን። አስተዛዛኙ ለበጎ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ሐዘንተኛው ላይ ሌላ ሸክም መጫኑ አይታወቀውም።

ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማዘናቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ኢማናቸው ያነሰ ነበርን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። የተከለከለው ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድና በአላህ (ሱ.ወ) ውሳኔ ላይ ማማረር እንጂ እንባ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የወሕሺ ታሪክ ነው። የነቢዩን አጎት ሐምዛን በኡሑድ የገደለው ይህ ሰው ከመካ መከፈት በኋላ መጥቶ ሰለመ። እስልምናውን ተቀበሉት፤ ሆኖም ፊቱን ከእርሳቸው እንዲያርቅ ጠየቁት። እንግዲህ የአላህ መልእክተኛ እንኳ ቁስል የሚቀሰቅስ ነገር ላለማየት ከፈለጉ፣ የጋይንቷ እናት ያንን ቤት ማየት ቢያቅታት ምኑ ይገርማል?

ስለ ተደፈሩት እህቶች ደግሞ በግልጽ መነገር ያለበት አለ። የተገደደች ሴት ኃጢአት እንደሌለባት ዑለማእ የተስማሙበት ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሐሜትን ፈርታ ዝም የምትል፣ ባሏ የሚሸሻት፣ ለጋብቻ የማትታጭ ስንት ናት! ይህ ጉዳይ በጁምዓ ኹጥባ ሊነሳ ይገባዋል።

ሐኪሞች እንደሚሉት ከአደጋ በኋላ መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት የሚጠበቅ ነው፤ ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። ከአንድ ወር አልፎ ሥራ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለ ግን ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይፈልጋል። «ጂን ነው» ብሎ ሩቅያ ብቻ እያስቀሩ ወራት ማሳለፍ ጉዳት አለው። ሩቅያው ይቀራ፤ ሕክምናውም አይቅር። መታከምን ያዘዙን እኮ ነቢያችን ናቸው።

ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው «እንዴት ሆነ? ንገሪን» እያለ ባያስጨንቅ ይመረጣል። ልትናገር ስትፈልግ ያድምጥ፤ ዝም ካለች ዝም ብሎ አጠገቧ ይቀመጥ። ውኃ መቅዳት፣ ልጆቹን መያዝ፣ ሐኪም ቤት የምትሄድ ቀን አብሮ መሄድ ይቻላል። ለቅሶ ቤቱ የሚሞላው በሦስቱ ቀን ነው። በአርባኛው ቀን ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም፤ ሌሊቱ የሚከብደው ደግሞ ያኔ ነው።