«ሪኒው» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ሪኒው» የሚለውን ቃል ባገኘ ጊዜ ትርጓሜው «አደሰ» ነው ብሎ ያልፋል። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃሉ በብዙ ስፍራ የሚነገር ስለ ሆነ አንዱን ትርጓሜ ብቻ የያዘ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ያስከፍላል።

ቃሉ ከሁለት ወገን የተጋጠመ ነው። «ሪ» ከላቲን የመጣ ሲሆን «እንደ ገና» ማለት ነው፤ «ኒው» ግን የእንግሊዞች የራሳቸው የጥንት ቃል ሆኖ «አዲስ» ማለት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው በመጻሕፍት የሚገኙት በፈረንጅ አቈጣጠር ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። የአማርኛው «አደሰ» ግን እንዲህ ያለ ቅልቅል የለበትም። እርሱ የግዕዙ «ሐደሰ» ነው፤ ዕብራይስጡም አዲሱን «ሐዳሽ» ይለዋልና ሥራቸው አንድ ነው። በግዕዙ ዳዊት 50ኛ፥ በእንግሊዝኛው 51ኛ ተብሎ የሚቈጠረው የንስሐ መዝሙር የቀናውን መንፈስ በሚለምንበት ስፍራ ግዕዙና ዕብራይስጡ በዚሁ ሥር ሲናገሩ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ «ሪኒው» ብሎ ጽፏል።

እንግዲህ የቃሉን አነጋገር መመልከት ያሻል። በእንግሊዝ አገር ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የተዋሰ ሰው፥ የመመለሻው ቀን ሲቀርብ መጽሐፉን «ሪኒው» እንዲያደርጉለት ይጠይቃል። መጽሐፉ ቅጠሉ ቢበጣጠስ እንኳ አይጠገንም፥ በሌላም አይለወጥም፤ የሚታደሰው የውሰቱ ቀን ነው። በፓስፖርት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአዋቂ ሰው የእንግሊዝ ፓስፖርት 10 ዓመት ያገለግላል፤ «ሪኒው» በተደረገም ጊዜ አሮጌው ደብተር ይሰረዛል፥ ሌላ ቍጥር ያለው አዲስ ደብተር ይሰጣል፤ የባለቤቱ ዜግነት ግን ያው የቀድሞው ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የሚያነብ ተማሪ የሚታደሰው ዕቃው ነው ወይስ ቀኑ፥ ውሉ ነው ወይስ ኀይሉ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ማደስን በቤትና በዕቃ ብቻ የሚያውቅ አንድ ወጣት አለ እንበል። ለንደን ሄዶ መኪና በመንዳት ያድራል። የመንጃ ካርዱን በየ10 ዓመቱ «ሪኒው» ማድረግ እንደሚገባ የሚናገር ደብዳቤ ይደርሰዋል። እርሱም «ካርዴ ገና አላረጀም፤ ምኑ ይታደሳል?» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያኖረዋል። ቀኑ ባለፈ ጊዜ ካርዱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎበታል። መቀጫ ሊከፍል፥ እንጀራውንም ሊያጣ ይችላል። «ፈቃዴን አሳደስሁ» ማለት የለመደ የከተማ ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ በአማርኛም «ማደስ» ከጽሕፈት ቤት ገብቶ ይህን ትርጓሜ ይዟልና።

የሚያስገርመው፥ አማርኛ «ማደስ»ን አብዝቶ በሚያውልበት በቤት ነገር እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል መምረጣቸው ነው፤ ያረጀ ቤት ሲጠገን «ሪኖቬት» ይላሉ። ጦር ዐርፎ ውጊያ ሲጀምር ግን «ሪኒው» ይላሉ። ይህን «ውጊያውን አደሰ» ብሎ የሚተረጕም ሰው የአማርኛን ጆሮ ያሳዝናል፤ «ውጊያውን እንደ ገና ጀመረ» ማለት ይበቃል።

ከዚሁ ቃል «ሪኒዌብል» የሚባል ወጥቷል። ይህም ስለ ፀሐይ፥ ስለ ነፋስና ስለሚፈስስ ውኃ ኀይል ይነገራል፤ ሰው ቢጠቀምበት ፍጥረት መልሶ ይተካዋልና። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የዓባይ ግድብ ኀይል «ሪኒዌብል» ይባላል። የግድቡ ስም «ሕዳሴ» ከ«ሐደሰ» የወጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሬኔሳንስ» ተብሏል፤ ይህም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ «እንደ ገና መወለድ» ማለት ነው። እንግዲህ የግድቡን ስም ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ «ሪኒዋል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የግዕዙን ሥር አልሳተም፤ የታወቀውን ስም ግን ስቷል።